ያማሃ 90 ቱ ስትሮክ፦ የዘይት ታንኩ ሙሉ ነው፣ አላርሙ ግን ይጮሃል

የዘጌ ጀልበኛ (ባሕር ዳር)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የጀልባ ሞተር የምታውቁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል። ሞተሩ ያማሃ 90 ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ቱ ስትሮክ፣ ዘይቱን ራሱ የሚስብ ዓይነት። የ1990ዎቹ ነው ብለውኛል። ያገለገለ ነው የገዛሁት።

ችግሩ እንዲህ ነው። ሰው ጭኜ ወደ ዘጌ ስሄድ ሙሉ ነዳጅ ስሰጠው ትንሽ ይሄድና አላርሙ ይጮሃል። ሞተሩም ራሱን ያወርዳል፤ በደቂቃ ወደ 2000 ዙር ይወርድና እዚያው ይቀራል፣ ነዳጅ ብትጨምርለትም አይሰማህም። አጥፍቼ ጥቂት ቆይቼ ሳስነሳው እንደ አዲስ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ ያው ነው። ተሳፋሪ እየተሳቀቀብኝ ነው፣ አንዲት እናትማ ዑራ ኪዳነ ምሕረት እስክንደርስ ድረስ ውዳሴ ማርያም ደግመው ጨረሱ።

ኮፋኑን ከፍቼ የዘይት ታንኩን አየሁት፣ ሙሉ ነው። እንዲያውም ይሄ ሞተር ዘይት አይበላም። ሻጩ “ዘይት ቆጣቢ ነው” ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ነው፤ ከገዛሁት ጀምሮ የጨመርኩለት ዘይት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ ልጅ የአላርሙን ሽቦ ቁረጠውና ተገላገል አለኝ። ልቁረጠው እንዴ?

ሀዋሳ ኢንዱሮ

ሽቦውን ተወው፣ የዘይት ፓምፑን ንቀለው ወንድሜ። እኔ ያማሃ ኢንዱሮ 40 ነው የምነዳው፣ ዘይቱን በእጅ የምትቀላቅልለት ዓይነት። 25 ሊትር ቤንዚን ላይ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ነቅነቅ ነቅነቅ፣ በቃ። አላርም የለ፣ ፓምፕ የለ፣ ጣጣ የለ። ሐይቅ ላይ የሚሠራ ሰው በፕላስቲክ ቱቦና በሽቦ ነፍሱን አያስይዝም።

የባቱው መካኒክ

ቆይ ልጄ፣ ፒንሳውን አስቀምጥ።

እዚህ ሞተር ላይ አላርሙ የሚጮኸው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ሞተሩ ሞቋል፤ ወይ ዘይት ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ “ዘይት አልቋል” እያለ ነው። በሁለቱም ዙሩ ይወርዳል፣ ስለዚህ በድምፁ ብቻ መለየት አትችልም። ሽቦውን ብትቆርጥ የሚጠፋው ጩኸቱ ነው። ዙሩን የሚያወርደው ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው ሳጥን ነው፣ እሱ ሥራውን አይተውም።

መጀመሪያ ይሄን መልስልኝ። ሲጮህ ከኋላ የሚተፋው ውሃ እንዴት ነው? ቀጭን ነው? ይሞቃል? እምቦጭ ያለበት ቦታ ነው ወይስ የትም?

ሁለተኛው ነገር። “ዘይት አይበላም” ያልከውን አልወደድኩትም። ከአላርሙ በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ዛሬውኑ ቤንዚን ታንክህ ውስጥ ዘይት ቀላቅልበት፣ 50 ለ 1፣ ልክ የሀዋሳው ልጅ እንዳለው። ፓምፑን ግን አትንካ። ሁለቱም አብረው ይሂዱ። ትንሽ ያጨሳል፣ ካንዴላ ሊያቆሽሽ ይችላል፣ ምንም አይደለም። ካንዴላ ይጠረጋል፣ ፒስተን አይጠረግም።

የዘጌ ጀልበኛ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሃው ወፍራም ነው፣ በእጄ ስነካው ለብ ያለ ነው እንጂ አይፋጅም። እምቦጭ ባለበትም በሌለበትም ይጮሃል። እምቦጩ ሲይዘኝማ አውቀዋለሁ፣ ውሃው ወዲያው ይቀጥናል፣ ወደ ኋላ ማርሽ አስገብቼ አራግፈዋለሁ።

ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዘይት አለመብላቱ ምኑ ላይ ነው የሚያስደነግጠው? መኪና ዘይት ከበላ አይደል እንዴ ሞተሩ አለቀ የሚባለው?

የባቱው መካኒክ

እሱ ለመኪና ነው። የመኪና ሞተር ዘይቱ ከታች ተጠራቅሞ ይዞራል እንጂ አይቃጠልም። ቱ ስትሮክ ላይ ግን ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ ፒስተኑን፣ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት)፣ ኩሽኔቱን ሁሉ አልብሶ ተቃጥሎ ይወጣል። የሚመለስ ጠብታ የለም። ስለዚህ መኪና ዘይት ሲበላ በሽታ ነው፣ ቱ ስትሮክ ዘይት ካልበላ ነው በሽታው።

አስላው እስቲ። ሙሉ ነዳጅ ሰጥተህ ስትሄድ ፓምፑ ወደ 50 ለ 1 አካባቢ መስጠት አለበት። 25 ሊትር ቤንዚን ስታቃጥል ግማሽ ሊትር ዘይት ይሄዳል ማለት ነው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው በዝቅተኛ ዙር ሲዞር) እጅግ ያንሳል፣ ምክንያቱም የፓምፑ ክንድ ከነዳጅ መስጫው ጋር በዘንግ የተያያዘ ነው፤ ነዳጅ ስትጨምር ዘይቱም ይጨምራል፣ ስትቀንስ ይቀንሳል። አንተ ዘጌ ደርሰህ ስትመለስ ሚኒሞ ላይ አይደለህም። ታዲያ ዘይቱ የት ሄደ? አልሄደማ።

አሁን ዋናውን ልብ በል። ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የሚያየው ታንኩን ብቻ ነው። ፓምፑ ቢሰበር፣ ቱቦው ቢሰነጠቅ፣ አየር ቢገባ፣ እሱ አያውቅም። ታንኩ እስከ አፉ ሞልቶ፣ አላርሙ ጭጭ ብሎ፣ ሞተሩ ደረቁን ሊነክስ (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ ሊቀር) ይችላል። ብዙ የድሮ ሞተር የሞተው እንደዚህ ነው። የአንተ መጮሁ ዕድል ነው፣ ኮፋኑን አስከፈተህ።

ቤንዚን ሸተተኝ (አዲስ አበባ)

ለምን ፎር ስትሮክ አትገዛም? ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ነዳጁም ቆጣቢ ነው።

የዘጌ ጀልበኛ

ወንድሜ አንተ ግዛልኝ፣ እኔ ስምህን ጀልባው ላይ አጽፍልሃለሁ።

ሚኒሶታ ሐይቅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው ሚኒሶታ ነው፣ በጋ በገባ ቁጥር ዓሣ ላይ ነኝ። የኔ 1988 ጆንሰን 70 ነው። ቪአርኦ የሚባለው ፓምፕ አለው፣ ጆንሰንና ኤቪንሩድ ከ1984 ሞዴል ጀምሮ ያመጡት። የያማሃው ፓምፕ ዘይት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ቪአርኦ ግን ቤንዚኑንም ዘይቱንም አንድ ላይ የሚስብ አንድ ሳጥን ነው። እዚህ ግማሹ ሰው አውጥቶ ይጥለዋል፣ ግማሹ በሱ ይምላል። በየጀልባ ማቆሚያው የማያልቅ ክርክር ነው።

የማውቀውን ልበል። ቪአርኦ ያለው ሰው ቀላቅሎ መንዳት ከፈለገ የዘይት ቱቦውን ይደፍንና 50 ለ 1 ይቀላቅላል፣ ፓምፑ ቤንዚን መሳቡን ይቀጥላል። ያማሃ ላይ ግን እንደሱ አይሠራም። ፓምፑ ከክራንኩ በጥርስ ነው የሚዞረው፤ ዘይት ቆርጠህበት እዚያው ከተውከው ደርቆ መዞሩን ይቀጥላል፣ በመጨረሻ ራሱን ይበላና ስብርባሪው ሌላ ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ “ንቀለው” ማለት ቀላል ነው። ሲነቀል ቀዳዳው በላሜራና በጓርኒሲዮን በደንብ መደፈን አለበት፣ ሲሊንደሮቹ ላይ ያሉት የዘይት መግቢያዎችም እንደዚሁ። አለዚያ አየር ይስባል፤ አየር የሳበ ቱ ስትሮክ ቤንዚኑ ይቀጥናል፣ ከቤንዚኑ ጋር ዘይቱም ይቀንሳል፣ ይሞቃል፣ ፒስተን ይበሳል።

ሀዋሳ ኢንዱሮ

እሺ ምሁር 😄 ግን አሁንም ቢሆን መቀላቀሉ ይሻላል ባይ ነኝ። ዘይቱን በዓይኔ ነው የማየው። ፓምፑ ዛሬ ሰጠ፣ ነገ እንደሚሰጥ ማን ያውቃል?

የባቱው መካኒክ

የሀዋሳው ልጅ ከእውነት አልራቀም። ቀላቅሎ የሚነዳ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ይተኛል። ግን ሁለት ነገር ረሳ። ሙሉ ነዳጅ ላይ የሚያስፈልገውን ያህል ዘይት በሚኒሞም ይሰጠዋል፣ ስለዚህ ወደብ ላይ ቀስ ሲል ያጨሳል፣ ካንዴላ ያረጥባል። ቱሪስት ለሚጭን ሰው ጭሱ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው፣ ቀላቃዩ ሰው ነው። አንድ ቀን ረዳትህ ጀሪካኑን ሞልቶ “ዘይት አድርጌበታለሁ” ይልሃል፣ አላደረገም። ኢንዱሮ ላይ ይሄን የሚነግርህ አላርም የለም።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ፓምፑ ጤነኛ ከሆነ ይቆይ። ጤነኛ ካልሆነና መለዋወጫው ካልተገኘ ይነቀል። ሳይመረምሩ መንቀል ግን የሰነፍ ሥራ ነው።

አንተ የዘጌው፣ አሁን ሥራ ጀምር። አንድ፣ አላርሙ እየጮኸ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ ያለውን የሙቀት ስዊች ሮዝ ሽቦ ለአፍታ ንቀለው። ጩኸቱ ከቆመ ጉዳዩ ሙቀት ነው። ካልቆመ ዘይቱ ጋ ነው። መልሰህ ሰካው፣ እንዳትረሳ። ሁለት፣ ከዘይት ታንኩ ላይ የተንሳፋፊውን ስዊች አውጣው። ከሥሩ ትንሽ ወንፊት አለ፣ እሱን እየው። ሦስት፣ ታንኩ ሥር ያለችውን ውሃ ማውጫ ቱቦ ክፈትና የሚወጣውን በነጭ ጠርሙስ ተቀበለው። ፎቶ ላክ።

የዘጌ ጀልበኛ

ሠራሁት። ሮዙን ስነቅለው ምንም ለውጥ የለም፣ ጩኸቱ ቀጠለ። ስለዚህ ዘይቱ ጋ ነው።

ተንሳፋፊውን አወጣሁት። ወንፊቱ ላይ ያለውን ነገር ምን ብዬ ልንገራችሁ። ዘይት አይደለም፣ ውሃም አይደለም። የረጋ፣ ነጣ ያለ፣ ጣት ላይ የሚሳብ ነገር። ተንሳፋፊውም ከላይ እስከ ታች መንሸራተት ሲገባው መሀል ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። በቴስተር ለካሁት፣ ትንሽ ስነቀንቀው ወደ ታች ይወርድና “ባዶ ነው” ይላል። ሥር ካለው ቱቦ መጀመሪያ የወጣው ጥርት ያለ ውሃ ነው! ከዚያ ነጣ ያለ ዘይት፣ ከዚያ ትክክለኛው ሰማያዊ ዘይት።

ክዳኑ ላይ ያለው ጎማም ተሰንጥቋል። ክረምቱን ሙሉ ኮፋኑ በደንብ ሳይዘጋ ነበር የቆመው።

የባቱው መካኒክ

አገኘኸው። ውሃ ከዘይት ይከብዳል፣ ከታች ይቀመጣል። ፓምፑ የሚስበውም ከታች ነው። ስለዚህ ለዚያች ፓምፕ ስታጠጣት የከረምከው ጠበል ነው።

ሙሉ ነዳጅ ላይ ብቻ የሚጮኸውም ለዚህ ይመስለኛል። ጀልባው አፍንጫውን ሲያነሳ ታንኩ ይጋደላል፣ ንዝረቱም ይጨምራል፣ ያ የተጣበቀ ተንሳፋፊ ቦታውን ይለቃል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ስታጠፋና ጀልባው ሲተኛ ይመለሳል።

ታንኩን አውርድና በንጹሕ ቤንዚን ደጋግመህ እጠበው። ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ወንፊቱን ከቻልክ ቀይረው፣ ካልቻልክ በብሩሽ እጠበው፣ በሽቦ እንዳትወጋው፤ ከተበሳ ቆሻሻው ቀጥታ ፓምፑ ውስጥ ነው የሚገባው። የክዳኑን ጎማ የግድ ቀይር።

አሁንም ግን “ዘይት አይበላም” የሚለው አልተመለሰልኝም። ወንፊት ቢደፈን እንኳ እንዲህ ለረጅም ጊዜ ሳይነክስ አይቆይም። ፓምፑን እየው። ከካርቡራተሩ የሚመጣው ዘንግ ክንዱ ላይ መያያዙን፣ ነዳጅ ሙሉ ሲሰጥ ክንዱም እስከ መጨረሻው አካባቢ መሄዱን። ሞተሩ ጠፍቶ ነው ይሄ የሚታየው።

የዘጌ ጀልበኛ

ጋሼ አያምኑኝም። ዘንጉ የለም። ጭራሽ የለም! የፓምፑ ክንድ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ ሚኒሞ ላይ ታስሯል። ሽቦው አርጅቶ አረንጓዴ ሆኗል፣ ማለትም ዛሬ የተሠራ ሥራ አይደለም። ፎቶውን አያይዣለሁ።

ሚኒሶታ ሐይቅ

ኧረ በስመ አብ። ይሄ እኮ የሆነ ሰው ጭስ በዛ ብሎ ያሰረው ነው።

ሀዋሳ ኢንዱሮ

“ዘይት ቆጣቢ” ማለት ይሄ ነዋ 😂😂 ቁጠባ!

የባቱው መካኒክ

ገምቼ ነበር። ጭሱ ሲበዛ ምክንያቱን ከመፈለግ ዘይቱን ማነቅ የተለመደ ነው። ሙሉ ነዳጅ እየሰጠህ የሚኒሞ ዘይት ነው ያገኘው። እስከ ዛሬ ያልነከሰው እንዴት ነው ብትለኝ፣ ያማሃ 90 ጠንካራ ሞተር ነው፣ አንተም ብዙውን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም እየጮኸብህ በ2000 ዙር ነው የሄድከው። አላርሙ ሳያውቀው አዳነህ።

ተስፋ አትቁረጥ፣ ግን አሁን ውስጡን ማየት አለብን። ሦስቱንም ካንዴላ አውጣ። ለየብቻ አስቀምጣቸው፣ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ ጻፍባቸው። ቡናማና ትንሽ ዘይት የነካው ከሆነ ደግ ነው። ነጭና ደረቅ ከሆነ ያ ሲሊንደር ተርቧል። ጫፉ ላይ እንደ አሸዋ ብልጭ ብልጭ የሚል ብር መሳይ ነጠብጣብ ካየህ ደግሞ እሱ የፒስተኑ አልሙኒየም ነው፣ ያን ጊዜ ሞተሩ ይፈታል። ከዚያ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበትን ግፊት) ለካ። ሦስቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ነዳጅ ሙሉ ተከፍቶ፣ ባትሪው ጠንካራ ሆኖ። የካንዴላ ሽቦዎቹን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኛቸው፣ እሳት እንዳይረጭ።

የዘጌ ጀልበኛ

ካንዴላዎቹ፦ ከላይኛውና ከመካከለኛው የወጡት ቡናማ፣ ደህና ናቸው። የታችኛው ነጣ ያለ ነው፣ ግን ብልጭ የሚል ነገር የለውም፣ በባትሪ መብራት አገላብጬ አይቼዋለሁ።

ኮምፕረሽን፦ 105፣ 104፣ 98 ፒ ኤስ አይ። ኢንተርኔት ላይ 120 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት ይላሉ። አለቀልኝ ማለት ነው?

የባቱው መካኒክ

የለም፣ አላለቀልህም። 120 የሚሉህ ባሕር ጠለል ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ጣና 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል፣ ስለዚህ የአንተ 105 እነሱ ጋ ቢለካ 120ዎቹን ያልፋል። የሚታየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከትልቁ እስከ ትንሹ ያለው ከ10 በመቶ በታች ነው። ጥሩ ሞተር ነው።

የታችኛው ግን ነጣ ብሏል፣ ወደሱ የሚሄደውን የዘይት ቱቦ እየው። ከፓምፑ ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ ግልጽ ቱቦ ይሄዳል። ሲያረጅ እንደ ማካሮኒ ይደርቃል፣ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። እዚያ ጋ ያለው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ባልቦላም አለ፣ በአፍህ ንፋው፣ በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ በሌላው እምቢ ማለት አለበት። ቱቦዎቹን ስትመልስ ቦታቸውን እንዳታለዋውጥ።

ሚኒሶታ ሐይቅ

አንድ ነገር ልጨምር። የቱቦውን ማሰሪያ በብረት ፋሸታ አትተካው። እነዚያ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፣ ብረቱ ይቆርጣቸዋል። ፋብሪካው በላስቲክ ማሰሪያ ያሰረው በምክንያት ነው።

የዘጌ ጀልበኛ

ልክ ናችሁ። የታችኛው ቱቦ ባልቦላው ጋ ተሰንጥቋል። ጎንበስ ሳደርገው ብቻ ነው የታየኝ፣ ቀጥ ሲል ስንጥቁ ይጠፋል። ቱቦውን ከሶማሌ ተራ አንድ ዘመዴ ልኮልኛል። ዘንጉ አልተገኘም፤ እዚህ ያለ ልጅ በልኩ ሠራልኝ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚቆለፍ ኳስ አለው። ሙሉ ነዳጅ ስሰጥ ክንዱ ምልክቱ ድረስ ይሄዳል።

አሁን ጥያቄ፦ ዘይት ሞልቼ ዝም ብዬ ላስነሳው?

የባቱው መካኒክ

እንዳታደርገው። ሁሉም ነገር ተፈትቷል፣ ቱቦው በሙሉ አየር ነው። ፓምፑ ላይ አየር ማስወጫ ቡሎን አለች። ታንኩን ሙላ፣ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፍ፣ በካቻቢቴ ላላ አድርጋት። መጀመሪያ ይንፎለፎላል፣ አረፋ ያወጣል። አረፋው ቆሞ ንጹሕ ዘይት ብቻ ሲፈስ አጥብቃት። ይሄ ታንኩን ከፓምፑ ያገናኛል። ከፓምፑ ወደ ሲሊንደር ያለው ቱቦ የሚሞላው ግን ሞተሩ እየዞረ ነው። ስለዚህ 50 ለ 1 የተቀላቀለውን ቤንዚን ይዘህ በሚኒሞ አስነሳው፣ ክንዱን በእጅህ እስከ መጨረሻው ግፋውና ያዘው፣ ሦስቱን ቱቦዎች እየተመለከትክ። አረፋዎቹ አንድ በአንድ ሲሄዱ ታያለህ። አንዱ ላይ አረፋው የማያልቅ ከሆነ እዚያ አየር የሚገባበት ቦታ አለ።

ከዚያ ታንኩ ላይ በማርከር መስመር አስምር። የቀላቀልከውን ቤንዚን ይዘህ ሂድ፣ ስትመለስ መስመሩን እየው። ያቃጠልከውን ቤንዚን ለወረደው ዘይት አካፍለው። ሙሉ ነዳጅ የበዛበት መንገድ ከሆነ 50 እና 60 አካባቢ ይመጣል፣ ቀስ ያልክበት ከሆነ ቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል። መቶዎች ውስጥ በጣም ከራቀ መልሰህ ጻፍልኝ። ይሄ ሳይረጋገጥ ንጹሕ ቤንዚን እንዳትሞላ።

ቤንዚን ሸተተኝ

የባጃጅ ቱ ቲ (ቱ ስትሮክ) ዘይት ይሆነዋል? እሱ በየሱቁ አለ፣ ርካሽም ነው።

የባቱው መካኒክ

መሀል ሐይቅ ላይ ዘይት አልቆብህ ያለው እሱ ብቻ ከሆነ አድርገህ ውጣ፣ ሞተሩ አይሞትም። ለዘወትር ግን አይሆንም። የባጃጅና የሞተር ሳይክል ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ፣ በጣም ለሚሞቅ ሞተር ነው የተሠራው፣ ሲቃጠል አመድ ይተዋል። የጀልባ ሞተር በሐይቅ ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ያን ያህል አይሞቅም፣ አመዱ ካንዴላና ፋሻ ላይ ይከመራል። ቆርቆሮው ላይ ቲሲ ደብሊው 3 የሚል ፈልግ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የጀልባ ቱ ስትሮክ ዘይት መለኪያው እሱ ነው። ያ የረጋ ነገር እንዳይፈጠር፣ ከውሃ ጋር ሲገናኝም ወንፊት እንዳይደፍን ጭምር ነው የሚፈተነው። ቁጥር 40 የመኪና ዘይት ደግሞ በሕልምህም እንዳታስበው።

የዘጌ ጀልበኛ

ሄጄ መጣሁ። አረፋው ከላይኞቹ ሁለት ቱቦዎች ቶሎ ወጣ፣ የታችኛው ትንሽ አስቸገረ፣ ማሰሪያውን ባጠብቀው ቆመ። ከዚያ ዘጌ፣ ከዘጌ ክብራን ገብርኤል፣ ከዚያ ወደ ከተማ። አንድም ጊዜ አልጮኸም። ሙሉ ነዳጅ ላይ ዙሩ ሳይወርድ ሄደ። ዘይቱ ከመስመሩ ወርዷል፣ ሳሰላው 60 ለ 1 አካባቢ መጣ። ጭሱ ጨምሯል ግን።

የባቱው መካኒክ

ጭሱ የሁለቱ ዘይት ነው፣ ከቤንዚኑም ከፓምፑም። አንድ ታንክ ደግሞ እንዲሁ ንዳ፣ ቁጥሩ ተመሳሳይ ከመጣ ንጹሕ ቤንዚን ሙላ፣ ጭሱ ይቀንሳል። የታችኛውን ካንዴላ አውጥተህ እየው፣ ቀለሙ ከሌሎቹ ጋር መመሳሰል መጀመር አለበት። መስመሩን አታጥፋው፣ ነዳጅ በሞላህ ቁጥር ታንኩን ቀና ብለህ እየው።

ጫሞ ላይ (አርባ ምንጭ)

ጋሼ እኔንም ይዩኝ እባክዎ። የኔ ያማሃ 115 ነው፣ ቪ 4። ሁለት የዘይት ታንክ አለው፣ ትልቁ ጀልባው ውስጥ፣ ትንሹ ሞተሩ ላይ። መደወያው ላይ አረንጓዴው ጠፍቶ ቢጫው በርቷል። ትልቁ ታንክ ግን ግማሽ ድረስ አለው። ቀይ ከበራ ደግሞ ሞተሩ እንደሚወርድ ሰምቻለሁ፣ እኔ ዘንድ ሞተር የሚወርድበት ቦታ የአዞ ገበያው ጋ ነው። ቀልድ አይደለም።

የባቱው መካኒክ

ቢጫ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ትልቁ ታንክ ግማሽ ካለው፣ ዘይቱ ከትልቁ ወደ ትንሹ እየመጣ መሆኑን ማየት አለብን። ቀይ ከመብራቱ በፊት ነው መጠገን ያለበት። ከትልቁ ወደ ትንሹ የሚልከው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፣ ትልቁ ታንክ ውስጥ ያለው። የዘይት መቆጣጠሪያው ሳጥን ላይ ለአደጋ ጊዜ የተሠራች ስዊች አለች፣ በእጅ ዘይቱን የምታስተላልፍ። ቁልፉን ክፈት፣ ስዊቿን ያዝና ጆሮህን ትልቁ ታንክ ላይ አድርግ። ፓምፑ ድምፅ ያሰማል?

ጫሞ ላይ

ምንም ድምፅ የለም።

የባቱው መካኒክ

እንግዲያው መጀመሪያ ሶኬቱን። ከትልቁ ታንክ የሚወጣውን የሽቦ ማያያዣ ነቅለህ እየው፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚዝገው። በቴስተር ስዊቿን ይዘህ 12 ቮልት እዚያ መድረሱን ለካ። ከደረሰና ፓምፑ ዝም ካለ ፓምፑ ነው። ካልደረሰ ወደ ሳጥኑ ተመለስ። ድምፅ እያለው ዘይት ባይመጣ ኖሮ ወንፊቱ ወይም የታጠፈ ቱቦ ነበር የምልህ። እስከዚያ ትንሹን ታንክ በክዳኑ በኩል በእጅህ ሙላው።

ጫሞ ላይ

እሺ ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ቴስተር ተውሼ ለክቼ እጽፋለሁ። የዘጌው፣ ያንን ዘንግ የሠራልህን ልጅ በውስጥ መስመር አገናኘኝ እስቲ፣ የኔም ኳሱ ላልቷል።